የማን ልጅ ተብሎ ይጻፍ

ካሰል፣ ጀርመን
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአያ ኪዳኔ እና ለእቴቴ የወርቅውሃ፤

አዲሱ ዓመት እህሉን ከተባይ፣ እናንተን ከበሽታ ጠብቆ ያቆይልኝ። እኔ፣ ሔለንና ትንሹ እዩኤል ደህና ነን። ድካም ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ እዚህ አገር እንደ ጉንፋን ነው፣ የሌለበት ሰው የለም።

እቴቴ፣ ስልኩ ለጆሮሽ አልሆን ስላለ ደብዳቤ ይሻለኛል ብለሽኝ ነበርና ይኸው ጻፍኩ። አያ ኪዳኔም በስልክ «ደህና ነን፣ ደህና ሁን» ከማለት አልፈው አያወሩኝም። ይህ ነገር ደግሞ ቁጭ ተብሎ መነበብ ያለበት ነው።

የጀርመን ዜግነት ሊሰጡኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቤተሰብ ስም ምረጥ ተብያለሁ። እዚህ ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የቤቱ። የቤቱ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይሄዳል። እኔ የምሠራበት የጥቅል መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚጭን ሽናይደር የሚባል ሰው አለ። በነሱ ቋንቋ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ሰውዬው መርፌ ይዞ አያውቅም። ድሮ፣ ማንም በማያስታውሰው ዘመን፣ አንድ ቅድመ አያቱ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ በቃ፣ ዘሩ ሁሉ ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ።

የኛን አጠራር ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። እኔ ሰራዊት የሻው፣ ልጄ እዩኤል ሰራዊት፣ ሔለን ደግሞ በአባቷ ስም። በአንድ ቤት ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት የአባት ስም። የደብዳቤ ሣጥናችን ላይ ሦስቱንም ለጥፈን ለፖስተኛው ደባሎች መስለነዋል። በቀደም ልጁን ከመዋለ ሕፃናት ልወስድ ስሄድ አዲሷ አስተማሪ «ስማችሁ አይገጥምም፣ ለልጁ ምኑ ነህ?» አለችኝ። አባቱ ነኝ አልኳት። መታወቂያዬን አገላብጣ አይታ ለአለቃዋ ስልክ ደወለች። እዩኤል ካፖርቱን ለብሶ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ቢሮ ያለችው ሴትዮም ያደግክበት መንደር ስሙ ማን ነው ብትለኝ «ዘጠኝ» አልኳት። ቁጥር አይደለም የጠየቅኩህ አለች። ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩን ቁጥር ሰጥተው እንዳሰፈሩን፣ አምባ ዘጠኝም እስከ ዛሬ አምባ ዘጠኝ እንደሆነች ነገርኳት። ጻፈችው፤ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

እና የሻውን ልመርጥ አስቤያለሁ። አባቴን አላስታውሰውም፤ ስሙን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት፣ አያ ኪዳኔ። ወንድምዎ ነውና ምርቃትዎን እፈልጋለሁ። እስከ ሚያዝያ ጊዜ ሰጥተውኛል። አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም፤ የልጅ ልጆቼም በዚያው ይጠራሉ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሰራዊት የሻው


ካሰል፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ኪዳኔ እና ለእቴቴ፤

ጥምቀቱን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አለን።

መልስ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ስልክ ስደውልም አያ ኪዳኔ ስለ ማሽላው ነገሩኝ፣ ማሽላው እንዴት እንደሆነ ከነገሩኝ በኋላ ስለ ስሙ ስጠይቅ «እቴቴህ ጽፋልሃለች» ብለው ዘጉት። ምንም አልደረሰኝም። መንገዱ ተዘግቶ ነው ወይስ ቅር አሰኝቻችሁ ነው?

የፈረንጆቹ ገና አልፎ እንኳ ሥራው አልቀለለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም የተለጠፈበት ጥቅል ስጭን እውላለሁ። የሰውን ሁሉ ስም አንብቤ ቤት ስገባ የራሴን መጻፍ አቃተኝ። የቢሮዋ ሴትዮ በየወሩ ታስታውሰኛለች። አንድ ቃል ጻፉልኝ፤ እሺም ቢሆን፣ እምቢም ቢሆን።

ሰራዊት


አምባ ዘጠኝ፣ አሶሳ
መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰራዊት፤

እንዴት ከርመሃል? ሔለንስ? ትንሹስ ልጅ አደገልኝ? ቅዱስ ሚካኤል በሄድህበት ሁሉ ቀድሞህ ይሂድ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ ግን ጨክኖብናል፤ ቀን ቀን ከማንጎው ጥላ ሥር ወዴትም አልል።

ዝም አላልንህም ልጄ። ኅዳር ላይ ጽፌልህ ነበር። ያ ደብዳቤ አገር ላገር ዞሮ ዞሮ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። የፖስታ ቤቱ ልጅ «እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ቤት የለም ብለው ነው የመለሱት» አለኝ። እንዴት የለም? ሞቶ ነው? እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ደግነቱ በማግስቱ ደወልህና ኪዳኔ ድምፅህን ሰማ።

መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ የእኛን ፊደል ነው፤ የፈረንጁን አላውቅም። የፖስታውን ላይ ያስጻፈው ኪዳኔ ነው። አድራሻህን ይዞ በባጃጅ አሶሳ ወርዶ፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ለሚጽፍ ልጅ ሰጥቶ አስጻፈና ላከው። የተመለሰውን ፖስታ ወስጄ ለጎረቤታችን ለአልአሚን ልጅ ለኢንዓም አሳየኋት። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። «እቴቴ፣ ይሄ ሰራዊት ኪዳኔ ነው የሚለው» አለችኝ።

የጻፈው ልጅ ተሳስቶ ነው ብዬ መጥቼ ለኪዳኔ ነገርሁት። ቀና ብሎም አላየኝ። «የማን ልጅ ነው ሲለኝ የኔ አልሁት። ምን ልበለው ታዲያ?» አለ። ከዚያ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ቀርከሃው ሄደ።

የኅዳሩን ደብዳቤ አብሬ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ ቅደደው። የሻው ደግ ስም ነው፣ ኪዳኔም መርቆሃል ይላል። እንዲያ ብለሽ ጻፊ ብሎኝ ነው የጻፍሁት። እውነቱን ልንገርህ፤ ያንተን ደብዳቤ ሳነብለት «ደግ አደረገ» አለ፣ ካለ በኋላ ግን ለስንት ቀን እህል በወጉ አልቀመሰም። ሆዴን ነው፣ አለኝ። የሆዱን ሕመም የማላውቅ ይመስለዋል።

እኔ አልወለድሁለትም። ያሳደገው አንተን ነው። ስሙን ይዞ የሚሄድ ሰው በዚህች ምድር ላይ የለም። እሱ አይጠይቅህም፤ ምላሱ ቢደርቅ አይጠይቅህም። እኔ ነኝ የምጠይቅህ። ኪዳኔ ብለህ ጻፈው። እኔ እንዳልሁህ አትንገረው።

የላክኸው መነጽር ደርሶኛል። ይህንንም የምጽፈው እሱን አድርጌ ነው።

እቴቴህ፣
የወርቅውሃ


ካሰል፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤

ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሔለን ምን ሆንክ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ከዚያ እሷም አነበበችው።

ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የሆነውን ታስታውሺያለሽ? አስተማሪው ሰራዊት ኪዳኔ ብሎ መዘገበኝ። ስሜን ሲጠራ ዝም ብዬ አቤት እላለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አያ ኪዳኔ ከልጆች ሰምተው ከእርሻ ከነጭቃቸው መጡና በክፍሉ ሁሉ ፊት «የዚህ ልጅ አባት የሻው ይባላል፤ አስተካክልልኝ» አሉ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አባባ ብዬ ልጠራቸው ስሞክርም «አያ በለኝ» ይሉኝ ነበር። ሲያመኝ አዝለው ሆስፒታል ድረስ በእግራቸው ይወስዱኛል፤ አባባ ካልኩ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጅ ይህ አይገባውም። እኔ የተረዳሁት የኔ አይደለህም እንዳሉኝ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜም፣ ልጅ ወልጄም፣ ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ለማያውቁት ፖስታ ጸሐፊ «የኔ ነው» አሉ። ለኔ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ተናድጃለሁ እቴቴ። ደስም ብሎኛል። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ነው ያቃተኝ።

ለማንኛውም ኪዳኔ ብዬ ሞልቼ ሰጥቻለሁ። ፊርማው ብቻ ነው የቀረው፤ ለእሱም ወረፋ አለ። ትናንት ደውዬ ነገርኳቸው፤ አንቺን አላነሣሁም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል «እሰማለሁ» አሉኝ፣ ዘጉት። ደስ ብሏቸው ይሆን? አንቺ ታውቂያለሽና ጻፊልኝ።

ሰራዊት


አምባ ዘጠኝ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰራዊት፤

ክረምቱ ገብቷል። ጭቃው ባጃጅ አላስገባ ብሏል፤ ይህን ደብዳቤ ኢንዓም በእግሯ ይዛልኝ ትወጣለች። አንተን ከነቤተሰብህ እመቤቴ በጥላዋ ሥር ታኑርህ።

ደስ አላለውም ልጄ። ስልኩን ዘግቶ መጣና እፊቴ ቆመ። «ወንድሜን የት ነው የቀበርሁት?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። «እኔም አላውቅም» አለኝ።

አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ አታስታውስም። እናትህን ድርቁ አገራችን ላይ ወሰዳት። አባትህ መጠለያው ድረስ በእግሩ ደርሶ እዚያ ወደቀ። በዚያ ቀን የሞተው ብዙ ነበር። ማን የት እንደተቀበረ የሚያሳይህ ሰው የለም፤ እኛን ደግሞ በነጋታው አሳፍረው ወደዚህ አመጡን። ኪዳኔ ሬሳው ላይ አፈር ሲመለስ «ልጅህን አሳድጋለሁ፣ አባትነትህን ግን አልነጥቅህም» ብሎ ምሎ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። «መቃብር የለውም፤ ስሙ ነው መቃብሩ። ልጁ በተጠራ ቁጥር የሻው አለ። አሁን ስሙን ነቅለሽ የኔን ተከልሽ» አለኝ። እኔ መሆኔን ዐውቋል። ሌላ ማን ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ምሳ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይነሣል። ኧረ እኔስ ሰለቸኝ ልጄ። አንዱ ስሜን ውሰድ ማለት አቅቶት፣ አንዱ ስምህን ስጠኝ ማለት አቅቶት፣ እኔ በሁለት ወንዶች መሐል ቃል ሳመላልስ አረጀሁ።

በዚህ መሐል አልአሚን መጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መኳረፋችንን ያውቃል። ታስታውሰዋለህ፣ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥበው፣ እኔን ባየ ቁጥር «ውሃው ሞልቷል፣ ወርቁ የት አለ?» እያለ በስሜ የሚያሾፍብኝ። እሱ ራሱ አልአሚን አብዱልረሂም አልአሚን ነው። የአያቱን ስም ነው የወሰደው፤ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ያን ስም አወጡለት። ልጁ ዋሊድም በተራው ወንድ ሲወልድ አብዱልረሂም አለው። በነሱ ቤት ስም አይሞትም፤ አንዱን ዘልሎ ሌላው ላይ ይመለሳል።

አልአሚን ነገሩን ሰማና ሳቀ። «ኪዳኔ፣ አንተ፣ ወንድምህ፣ አባት አንድ ነው?» አለው።

«አንድ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«ጓንጉል።»

«እሱ ይጻፍ። ላንተ አባት ነው፣ ለየሻው አባት ነው፣ ለሰራዊት አያት ነው። ማንም አልጠፋም። አሁን ለምን ሴትየው ላይ ትቆጣለህ?»

ኪዳኔ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። በነጋታው ቁርስ ላይ ግን «ጓንጉል» አለ፣ ለብቻው። ቁርሱን ጨርሶ «ጻፊለት» አለኝ። ከተኳረፍን ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። ይኸው ጻፍሁ። ፊርማውን አስቀምጠህ እንደሆነ ግን እግዜር ይሁነን።

እቴቴህ፣
የወርቅውሃ


ካሰል፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ኪዳኔ እና ለእቴቴ፤

ደስ ይበላችሁ። ወረፋው ረዝሞ ፊርማው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ተገፍቶ ነበርና ደብዳቤያችሁ ደረሰልኝ። አስቀይሬ ፈረምኩ። ሴትዮዋ ተሰላችታ «ይህ ሦስተኛ ስምህ ነው፣ አራተኛ አለህ?» አለችኝ። የለኝም፣ በዚህ አበቃ አልኳት። ጓንጉል ትርጉሙ ምንድን ነው ስትለኝ አላውቅም አልኩ። እሷም የራሷን ስም ትርጉም እንደማታውቅ ነገረችኝ።

አያ ኪዳኔ፣ መሐላዎን እቴቴ ጽፋልኛለች። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ለምን እንደመጡ አሁን ገባኝ። ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። ከእንግዲህ በስልክ አባባ ብልዎ አይቆጡኝ፤ ይህ በወረቀት አይጻፍ እንጂ ቃሉ የርስዎ ነው።

ሔለን መጀመሪያ አልወደደችውም። «ያገባሁት አንተን ነው እንጂ አያትህን አይደለም፤ የአባቴን ስም የት ልጣለው?» ብላ ሁለት ሳምንት ተከራከረችኝ። በመጨረሻ ለልጁ ስትል ወሰደችው። አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች፤ አሁን ለምዳዋለች። እዩኤል ጓንጉል፣ ሔለን ጓንጉል፣ ሰራዊት ጓንጉል። የመዋለ ሕፃናቱ አስተማሪም ልጁን ያለ ጥያቄ ሰጠችኝ።

በጣም ደክሞኛል፤ ግን ዛሬ ደስ የሚል ድካም ነው። አባቴ አለበት፣ እርስዎ አሉበት፣ ልጄ አለበት። አንድም ሰው አልቀረም።

ልጅዎ፣
ሰራዊት ጓንጉል


አምባ ዘጠኝ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰራዊት፤

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰህ። በቆሎው ዘንድሮ ደግ ነው፣ ዝንጀሮ ካልቀደመን።

ኪዳኔ ሌላ ሰው ሆኗል። አባባ ያልኸው ቀን ስልኩን ይዞ ጓሮ ገባና ብዙ ቆየ። ዓይንህን ምን ነካው ስለው የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነበርሁ አለኝ፤ ሽንኩርት አልዘራንም። ቅዳሴ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ «ጀርመን የአባቴ ቤት ተሠርቷል» ይለዋል። የሰሙት አዲስ ቪላ የሠራህ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። እንዲህ ደስ ብሎት ሳየው ድካሜን ሁሉ እረሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጻፍልህ። አንድም ሰው አልቀረም ብለሃል። ያችን መስመር መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኋት። እኔ አለሁ ወይ ብዬ ፈለግሁ። የለሁበትም። አልተቀየምሁህም፤ አንተም አስበህ አልተውኸኝም፣ ሰውም ሁሉ እንዲሁ ነው። ማዘኔን ግን አልደብቅህም። ይህን ዓመት ሙሉ የሌላውን ሐዘን ስጽፍልህ ከርሜ የራሴን አንድ ጊዜ ብጽፍ ምን አለበት።

የወርቅውሃ ያሉኝ የጓንጉል ሚስት፣ የኪዳኔ እናት ናቸው። ባገራችን ሙሽራ ስትገባ አማት ናት ስም የምታወጣላት። ይዘሽ የመጣሽውን እደጅ ትተሽ ግቢ እንደ ማለት ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ወርቅ ያለበት ስም ነው የሰጡኝ። አቤት ብዬ ገባሁበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁበት። በፊተኛው ስሜ የሚጠሩኝ እናቴም፣ አባቴም፣ እኅቶቼም በሰባ ሰባት አለቁ። ኪዳኔ ያውቀው ነበር። ያንተ ደብዳቤ የመጣ ሰሞን ማን ነበር ስሜ አልሁት። አሰበ፣ አሰበ፣ ጠፋው። ይቅርታ አድርጊልኝ አለኝ፤ አልነገርሁትም። ስሞት ቄሱ በክርስትና ስሜ ይፈቱኛል፣ ዕድርተኛው የወርቅውሃ ሞተች ብሎ ይለፍፋል። እናቴ ያወጣችልኝን የሚጠራ አይኖርም።

ሔለን አለቀሰች ስትለኝ እዚያም እንዲህ ነው ለካ አልሁ። ሳምልኝ። የአባቷን ስም እቤት ውስጥ እየጠራህ አቆይላት።

ምንም እንድታደርግልኝ አልፈልግም። ጓንጉል ይቀመጥ፣ እርቅ አምጥቶልናል። ሴት ብትወልዱ በእኔ ሰይሟት አልልህም፤ ልጅ የራሷን ይዛ ትምጣ። ለቢሮም አትንገር። ብቻ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው፤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝና ያ ሰው አንተ ሁን። ስትጽፍልኝም አንድ ጊዜ በእሱ ጥራኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

እናትህ፣
ትጓደድ